የመጀመሪያው ሥራ ከፈተናው በፊት ይጀመራል

በእኛ ቤት ነርስ መሆን ማለት ፈተናውን ማለፍ ነው። እናቴ “ላይሰንሱን ብቻ ያዢ፣ ሥራው ራሱ ይፈልግሻል” ትለኛለች። ነርስ ተፈላጊ መሆኑ እውነት ነው። ሆስፒታሎች አጥብቀው የሚፈልጉት ግን ልምድ ያለውን ነርስ ነው። አዲስ ተመራቂ የሚገባበት በር ሌላ ነው፤ የሚከፈትበት ጊዜም የተወሰነ ነው። እኔ ራሴ ገና ተማሪ ነኝ። ቀድመውኝ የተመረቁትን እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ላይሰንሱ። ኮሎራዶ ውስጥ የሚሰጠው የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። ለቦርዱ ማመልከቻ ይገባል፤ ለፈተናው (ለኤንክሌክስ) ደግሞ በፒርሰን ቪው በኩል ለብቻው ትመዘገባላችሁ። የፈተናው ምዝገባ 200 ዶላር ነው፤ የላይሰንሱ ማመልከቻ ክፍያ በዚህ ውስጥ አይጠቃለልም። ቦርዱ ብቁ ናችሁ ሲል የመፈተኛ ፈቃድ በኢሜይል ይደርሳችኋል፤ ቀን መያዝ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ፈተናው እንደ መልሳችሁ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ትንሹ 85 ጥያቄ፣ ትልቁ 150 ሲሆን ጊዜው 5 ሰዓት ነው። 85 ላይ ቢቆም አለፋችሁ ማለትም ወደቃችሁ ማለትም ሊሆን ስለሚችል በቁጥሩ አትደንግጡ። ያላለፈ ሰው ቢያንስ 45 ቀን ጠብቆ እንደገና ይፈተናል።

ኮሎራዶ የስቴቶቹ የላይሰንስ ስምምነት አባል ናት። ነዋሪነታችሁ እዚህ ከሆነና መስፈርቱን ካሟላችሁ በአንድ ላይሰንስ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ መሥራት ትችላላችሁ። ካሊፎርኒያ ግን አባል አይደለችም። አክስታችሁ ሎስ አንጀለስ ኑ ካለቻችሁ ሌላ ማመልከቻ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትልልቅ ሆስፒታሎች አዲስ ተመራቂን የሚቀበሉት በአብዛኛው በነርስ ሬዚደንሲ በኩል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ይቆያል። መጀመሪያ ከአንድ ነባር ነርስ ጋር ትሠራላችሁ፤ ከዚያ ብቻችሁን በሽተኛ ስትይዙም ትምህርቱና ድጋፉ ይቀጥላል። እኛ ሴንትራል ፓርክ አካባቢ ያለን ልጆች ዕድለኞች ነን። ከሴንትራል ፓርክ ጣቢያ በኤ ባቡር አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ ፒዮሪያ ላይ ወደ አር ባቡር ከቀየራችሁ፣ ቀጣዩ ፌርማታ ፊትዝሲመንስ ነው። እዚያ አንሹትዝ ካምፓስ ውስጥ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ሆስፒታሉና የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ጎን ለጎን ናቸው።

ነገር ግን የሬዚደንሲ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከምረቃ ወራት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ክፍት ይሆናል። ላይሰንስ ሳይኖራችሁ ታመለክታላችሁ፤ ቅጥሩ የሚጸናው ፈተናውን ስታልፉ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ከተመረቀ ብዙ የቆየን ወይም በነርስነት የሠራን ሰው እንደ አዲስ ተመራቂ አይቆጥሩም። የማውቃት አንዲት ልጅ አባቷ በወገብ ሕመም ታክሲ መንዳት ሲያቆሙ፣ ላይሰንሷን ባገኘች በሳምንቱ አዛውንቶች መጦሪያ ገባች። ሥራውን ትወደዋለች፤ ቤቱንም ያቆመችው እሷ ናት። ከ14 ወር በኋላ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ሬዚደንሲ ስታመለክት ግን ጊዜው አልፎብሻል ተባለች። ሌላ መንገድ አለ፣ ግን ይረዝማል። ምርጫዋ ስሕተት ነው አልልም፤ በሩ እንደሚዘጋ ግን ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ከወላጆቻችን ጋር የምንግባባው በአንድ ቃል ነው፦ ደመወዝ። ሬዚደንሲ ሲባሉ ሌላ ትምህርት ይመስላቸዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ የሚከፈልበት የነርስ ሥራ መሆኑን ንገሯቸው። የመግቢያ ጉርሻ የሚሰጥ ቀጣሪ ከመጣ ደግሞ ውሉን አንብቡ፤ ጊዜው ሳይሞላ ብትለቁ ገንዘቡን ትመልሱ እንደሆነ ጠይቁ።

በመጨረሻም አማርኛችሁን ሪዙሜያችሁ ላይ ጻፉት፤ አውሮራ ውስጥ ዋጋ አለው። “አስተርጓሚ ነኝ” ግን አትበሉ። በሕጉ መሠረት ሕክምና ነክ ነገር የሚያስተረጉመው ብቃቱ የተረጋገጠ ሰው ነው። ሆስፒታሉ የቋንቋ ምዘና ካለው ተፈተኑ። በሲ.ኤን.ኤ. የሠራችሁትንም አትዝለሉት፤ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ማገላበጥ ልምድ ነው።

ምረቃችሁ ግንቦት ከሆነ የሆስፒታሎቹን የማመልከቻ ቀን ከመስከረም ጀምራችሁ ተከታተሉ። ያለፋችሁ እህቶችና ወንድሞችም የገባችሁበትን ክፍልና ያመለከታችሁበትን ወር ለማኅበራችን ላኩልን፤ ለተከታዮቻችሁ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።