ጎማ ያለውን ቤት ከበረሃ ሙቀት ማትረፍ

በ2023 እ.ኤ.አ. የአሪዞናዋ ፊኒክስ ከጁን 30 እስከ ጁላይ 30 ድረስ ለ31 ተከታታይ ቀናት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ሙቀት አሳልፋለች። በግንብ ቤት የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ወር በሩን ዘግቶ ይገፋዋል። በሞተርሆም የሚኖረው ግን በእሱና በፀሐይዋ መካከል ያለው ነገር በጣም ስስ ነው።

ሞተርሆም በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና ወይም በቫን ሻንሲ ላይ የተሠራ፣ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ ሽንት ቤትና ሻወር ያለው ተሽከርካሪ ነው። ክብደቱ ቀላል እንዲሆን ሲባል ግድግዳው በስሱ ይሠራል፤ ከውጭ ፋይበርግላስ ወይም የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ከውስጥ ቀጭን ኮምፔርሳቶ፣ መሃሉ ላይ ፎም። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሴንቲሜትር አይበልጥም። በዚህ ላይ ትልልቅ መስኮቶች፣ የጣራ መስኮቶችና ከሁሉ የባሰው የፊት መስታወት አሉ። ስለዚህ ባለቤቶቹ ስለ ሙቀት ሲያወሩ ቶሎ ወደ ኤሲው ይሄዳሉ። እኔ ግን ወሬው ከመስታወቱ መጀመር አለበት ባይ ነኝ፤ የገባን ሙቀት ማስወጣት እንዳይገባ ከመከልከል እጅግ ይከብዳልና።

የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ዳሽቦርዱንና መቀመጫውን ሲመታ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ያ ሙቀት ደግሞ በመጣበት መንገድ አይመለስም። መጋረጃ ከውስጥ ቢጋረድ ይረዳል፣ የሚያንጸባርቅ ፎይል ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ዋናው ጥቅም ያለው ግን መስታወቱን ከውጭ በሚሸፍን ሸራ ወይም መረብ ላይ ነው፤ ብርሃኑ መስታወቱን ሳይነካ ይቀራል። የጣራ መስኮቶቹ በአብዛኛው 35 ሴንቲሜትር ገደማ በየጎናቸው ናቸው፤ በልካቸው የተቆረጠ የፎም ትራስ ከሥር ሲወተፍባቸው ልዩነቱ በዚያው ቀን ይታያል። ብዙ ሰው የሚረሳው ከሻወሩ በላይ ያለውን የብርሃን ጉልላት ነው።

አቋቋምም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። የአሜሪካ ሞተርሆሞች በራቸውና የሚዘረጋው የጥላ ሸራ በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ መኪናው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ሲቆም ሸራው ወደ ምዕራብ ይዞርና ክፉውን የከሰዓት ፀሐይ ይቀበላል። የጁላይ የቀትር ፀሐይ በአሪዞና ከአናት በላይ ስለምትሆን የፊት መስታወቱን በአግድም አታገኘውም፤ ከተሸፈነም አይጎዳም። ነፋስ ሲነሳ ግን ሸራውን መጠቅለል ነው። የአሪዞና የሞንሱን ወቅት ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘልቃል፣ ማዕበሉም በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል፤ የሸራውን ክንድ አጣሞ ጎኑን ሊገነጥል ይችላል።

አሁን ወደ ኤሲው። ጣራ ላይ የሚገጠመው የተለመደው ኤሲ በሰዓት 13,500 ወይም 15,000 ቢቲዩ የሚል የማቀዝቀዝ አቅም ቁጥር አለው። አነስተኛው በሥራ ላይ ሳለ 1,500 ዋት ያህል ይስባል። ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም፤ የውስጡን አየር ደጋግሞ እየሳበ በአንድ ዙር ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ያህል ቀንሶ ይመልሳል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ቤቱ 42 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ የተከፈተ ኤሲ መጀመሪያ የሚተፋው 30 ዲግሪ ገደማ የሆነ አየር ነው፤ ፍራሹ፣ ቁምሳጥኑና ወለሉ የጠጡትን ሙቀት እስኪለቁ ድረስ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። ልምድ ያላቸው ሰዎች በማለዳ፣ ገና ቀዝቀዝ ባለበት የሚከፍቱት ለዚህ ነው። ኤሲው ደክሟል ብሎ ሌላ ከመግዛት በፊት በመሳቢያውና በመውጫው ቴርሞሜትር ይዞ ልዩነቱን መለካት ይገባል። ልዩነቱ ካነሰ በመጀመሪያ ፊልትሮው ይታጠብ። ቀጥሎ የጣራው ሽፋን ተነስቶ ቀዝቃዛው አየር ወደ ቤቱ ሳይወርድ በክፍተት ሾልኮ ወደ መሳቢያው ይመለስ እንደሆነ ይታይ፤ ከተገኘ በአሉሚኒየም ቴፕ ይደፈናል። ወጪው ኢምንት ነው፣ ለውጡ ግን ትልቅ።

ትልቁ ችግር ኤሌክትሪክ ነው። በካምፕ ሜዳዎች የሚገኘው መስመር በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። 30 አምፔሩ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ይሰጣል፤ 50 አምፔሩ ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል። በ30 አምፔር ላይ ያለ ቤተሰብ ኤሲው እየሠራ ማይክሮዌቭና የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ከጨመረ ብሬከሩ ይወድቃል። በጣም ሞቃት በሆኑ ቀናት የካምፑ ሰው ሁሉ ኤሲ ስለሚከፍት ቮልቴጁም ይወርዳል። ከ105 ቮልት በታች ሲሆን ኮምፕሬሰሩ የሚጎድለውን ኃይል ተጨማሪ አምፔር በመሳብ ለማካካስ ይሞክራል፣ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ቮልቴጁ ሲወርድ በራሱ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ መግዛት የቅንጦት ነገር አይደለም።

ከመስመር ርቆ መቆም የሚፈልግ ሰው ሒሳቡን በቅንነት ይሥራ። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ያለው አንድ የሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 1,280 ዋት-ሰዓት ያህል ነው፤ ያለማቋረጥ 1,500 ዋት የሚስብ ኤሲ ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሰዋል። ሌሊቱን በባትሪ ብቻ በኤሲ መተኛት ብዙ ባትሪና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ጄኔሬተር ይሠራል፣ ነዳጅ ግን ይበላል፣ ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ይገድላል።

አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር በውሃ ትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣም አለ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ኮዳ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ፣ ፋኑ አየሩን በረጠበ ንጣፍ ውስጥ ያሳልፈዋል። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለፋኑና ለትንሽ ፓምፕ ብቻ ስለሆነ ባትሪ ይችለዋል። በሜይና በጁን በአሪዞና ጥሩ ነው። ሞንሱኑ እርጥበት ሲያመጣ ግን ይሰንፋል፤ በፍሎሪዳ ወይም በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ጭራሽ አይሞከርም።

ፍሪጁም ይሞቀዋል። ብዙ ሞተርሆሞች ያላቸው በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ፍሪጅ ነው፤ ኮምፕሬሰር የለውም፣ አሞኒያን አሙቆ ነው የሚያቀዘቅዘው። ስልቱን በ1922 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው። ሙቀቱን የሚያስወጣው ከኋላው ባለው የውጭ መተንፈሻ ስለሆነ ያ ጎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከመታው ወተቱ ይበላሻል። መተንፈሻው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፋንና መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ማቆም ያድኑታል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የማስቀድመውን ልናገር፤ ከፍታ ነው። ቆላና ደጋን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ፊኒክስ ከባሕር ወለል በላይ 330 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጁላይ የቀን ሙቀቷ በአማካይ 41 ዲግሪ ይደርሳል። 230 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ያለችው ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ላይ ስለሆነች በዚያው ወር 28 ዲግሪ አካባቢ ትውላለች። ክረምቱን በአሪዞና በረሃ የሚያሳልፉ ጡረተኞች ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ሰሜንና ወደ ተራራ የሚሄዱት ቤታቸው ጎማ ስላለው ነው። ያንን ጎማ አለመጠቀም ኪሳራ ነው። በጉዞ ላይ ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ ወፍራም መጋረጃ መስቀል የሞተሩ ኤሲ የፊቱን ክፍል ብቻ እንዲያቀዘቅዝ ያደርጋል። በረዥም የበረሃ ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ እንዳይግል ኤሲውን ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል፤ በካሊፎርኒያ ይህንኑ የሚያዝዙ የመንገድ ምልክቶች ተተክለዋል።

በላስ ቬጋስም ሆነ በፊኒክስ የምትኖሩና ልጆቻችሁን ይዛችሁ በጁላይ ሞተርሆም ለመከራየት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ከመፈረማችሁ በፊት መስመሩ 30 ነው ወይስ 50 አምፔር፣ ኤሲው ስንት ነው፣ ጄኔሬተሩስ ኤሲውን ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሽማግሌ፣ ሕፃን ወይም ውሻ ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ፤ መብራት ሲቋረጥ ቤቱ በደቂቃዎች ይግላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱንም መፈተሻውን ተጭናችሁ፣ ድምፁን ሰምታችሁ ሳታረጋግጡ ከአከራዩ ግቢ አትውጡ።