ለመኪና ጎን መከላከያ የብረት ቱቦ አጣጠፍ

የጎን መከላከያ (በእንግሊዝኛ «ሮክ ስላይደር») ከመንገድ ውጪ በሚነዱ መኪኖች በሮች ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ የሚገጠም የብረት ቱቦ ነው። መኪናው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ክብደቱን ተሸክሞ የበሩ ደፍ እንዳይጨፈለቅ ያደርጋል። ደፉ ከተጨፈለቀ በሩ አልከፈትም ወይም አልዘጋም ሊል ይችላል። ለመረገጫና ለጌጥ ብቻ የሚገጠመው ስስ ቱቦ መልኩ ቢመሳሰልም ይህን ሥራ አይሠራም። በካሊፎርኒያ እንደሚገኘው የሩቢኮን መንገድ ባሉ ድንጋያማ ሥፍራዎች መከላከያው የተለመደ ዕቃ ሲሆን፣ ብዙ ባለመኪናዎች ራሳቸው ያበጁታል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቱቦው ሲታጠፍ ነው።

ቱቦና ቧንቧ

የብረት ቱቦ የሚለካው በውጭ ስፋቱ ነው። የውኃ ቧንቧ ግን በስም መጠን ይጠራል፦ ባለ 1½ ኢንች የሚባለው ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 48.3 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ባለ 1½ ኢንች ቱቦ በትክክል 38.1 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ለቧንቧ የተሠራ ማጠፊያ ቱቦውን በልኩ አያቅፈውም። በተጨማሪም ርካሹ የሃይድሮሊክ ማጠፊያ ቧንቧውን በሁለት ድጋፎች ላይ አስቀምጦ መሐሉን ስለሚገፋ፣ ቱቦ ሲገባበት መታጠፊያው ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል ወይም ይጨራመታል። በኢትዮጵያ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ለበርና ለመስኮት የሚውለው ስስ ቱቦላሬም (ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው) የመኪና ክብደት ለመሸከም አይበቃም። ለጎን መከላከያ በብዛት የሚመረጠው 44.5 ሚሊሜትር (1¾ ኢንች) ስፋትና 3 ሚሊሜትር ያህል የግድግዳ ውፍረት ያለው ቱቦ ነው፤ አንድ ሜትሩ 3 ኪሎግራም ገደማ ይመዝናል።

ብረቱ ሲታጠፍ የሚሆነው

የውጭው ግድግዳ ተስቦ ይሳሳል፤ የውስጡ ተጨምቆ ይወፍራል። የሚሳብበት መጠን በግምት የቱቦው ግማሽ ስፋት ለመታጠፊያው ራዲየስ ሲካፈል ይገኛል። ከላይ የተጠቀሰው ቱቦ በ150 ሚሊሜትር ራዲየስ ቢታጠፍ ወደ 15 ከመቶ ይሳባል፤ ለስላሳ ብረት ይህን ይችለዋል። ራዲየሱ 75 ሚሊሜትር ቢሆን ግን መሳቡ 30 ከመቶ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ መሰንጠቅ ያሰጋል። የተሳበውም የተጨመቀውም ግድግዳ ወደ መሐል ስለሚገፋ ክቡ ቱቦ ወደ ሞላላነት ያዘነብላል። ሞላላ የሆነ ቱቦ ቁመቱ ስለቀነሰ ከላይ ለሚመጣ ጭነት ይደክማል።

ይህን ለመከላከል የሚበጀው መሣሪያ ቱቦውን ስቦ የሚያጥፍ ነው። «ዳይ» የሚባለው፣ ዙሪያው በቱቦው ልክ የተቦረቦረ ክብ ብረት የቱቦውን ጫፍ ይዞ ይዞራል፤ ከውጭ በኩል ሌላ የተቦረቦረ ብረት ይደግፈዋል። ቱቦው በሁለቱ ተቅፎ ስለሚታጠፍ ወደ ጎን የሚሰፋበት ቦታ አያገኝም።

መሣሪያው በሌለበት ቱቦውን አሸዋ ሞልቶ፣ ጫፎቹን ደፍኖ በእሳት እያጋሉ ማጠፍ የቆየ ዘዴ ነው። አሸዋው ፈጽሞ ደረቅ መሆን አለበት። በተደፈነ ቱቦ ውስጥ የቀረ እርጥበት ሲግል እንፋሎት ሆኖ ድፍኑን እንደ ጥይት ሊያስወነጭፍ፣ ሠራተኛውንም ሊገድል ይችላል።

ልኬት

በ150 ሚሊሜትር ራዲየስ 45 ዲግሪ ለማጠፍ 118 ሚሊሜትር ቱቦ ይሄዳል። የመታጠፊያው መነሻ ሁለቱ ቀጥታ መስመሮች ከሚገናኙበት ማዕዘን 62 ሚሊሜትር ቀድሞ ይገኛል፤ ማዕዘኑ ላይ ምልክት አድርጎ ከዚያው ማጠፍ የጀመረ ሰው መከላከያው ከጎማው ጋር ሊጋጭበት ይችላል። ብረት ሲለቀቅ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ትንሽ አሳልፎ ማጠፍ ያስፈልጋል። ምን ያህል እንደሚመለስ ከዚያው ቱቦ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ቀድሞ መሞከር ይሻላል። ሁለተኛው ጫፍ ከመታጠፉ በፊት የመጀመሪያው በውኃ ልክ ይስተካከላል፤ አለበለዚያ ቱቦው ይጣመማል።

አገጣጠም

እንደ ላንድክሩዘር 70 ባሉ፣ አካላቸው በጎማ ማረፊያዎች አማካይነት በሻሲ ላይ በሚቀመጥ መኪኖች፣ መከላከያው የሚያያዘው ከሻሲው ጋር ብቻ ነው። ከአካሉም ጋር ከተያያዘ የሁለቱ እንቅስቃሴ ቆርቆሮውን ይቀደዋል። ጂፕ ቼሮኪ ኤክስጄ የተለየ ሻሲ ስለሌለው ማያያዣው ሰፊ የብረት ሰሌዳ ይፈልጋል። የእግሮቹ ቁጥርም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከተመሳሳይ ቱቦ የተሠራና ከሻሲው 20 ሴንቲሜትር የወጣ አንድ እግር፣ ብረቱ 350 ሜጋፓስካል የሚችል ቢሆን፣ 680 ኪሎግራም ገደማ ሲያርፍበት በማይመለስ ሁኔታ መጉበጥ ይጀምራል። አንድ ከባድ መኪና ደግሞ ከግማሽ የሚበልጥ ክብደቱን በአንድ ጎን ሊጥል ይችላል፤ ስለዚህ በየጎኑ ሦስት ወይም አራት እግር ይደረጋል።

ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ መበየድ የሚያስከትለው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ ልባጡ ከብየዳው ሥፍራ ቀድሞ ይነሳል። መኪናው ላይ ሲበየድ የባትሪው ሽቦ ይነቀላል፤ የነዳጅ መስመሩ በየት እንደሚያልፍም ይታያል። የቱቦው ጫፎች ጭቃ እንዳይገባ ይደፈናሉ፤ ከሥር ግን የገባ ውኃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል።