ያውቁ ኖሯል? የድሮ ስፖርት መኪና፣ ሱፐርቻርጀር እና የቦሌ አየር

የድሮ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ውሎ አድሮ «ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ባስገጥምለትስ?» ማለቱ አይቀርም። ጋራዥ ገብተው ሂሳብ ከመጠየቅዎ በፊት እነዚህን ይያዙ።

● የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው።

● ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ነው። ስለዚህ ተርቦም ሱፐርቻርጀርም የሌለው፣ ካታሎጉ 150 የፈረስ ጉልበት የሚልለት መኪና ቦሌ መንገድ ላይ የሚሰጠው 115 ገደማ ነው። መካኒኩ ቢምል ቢገዘት፣ ካንዴላ በመቀየር የጎደለው 35 ፈረስ አይመለስም።

● አውሮፕላንም ይቸገራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ ይመጣል፤ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። አንዱ ምክንያት በቦሌ ስስ አየር ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ስለሚከብድ ነው። ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው የቢሾፍቱ አቡሴራ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል።

● ሱፐርቻርጀር ከመኪና በዕድሜ ይበልጣል። ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉ የኢንዲያና ወንድማማቾች ፓተንት ያወጡበት እ.ኤ.አ. በ1860 ሲሆን፣ ያኔ ሥራው የወናፍ ነበር፤ ለብረት ማቅለጫ ምድጃ አየር ይነፋል። ጎትሊብ ዳይምለር ሞተርን በግፊት አየር የመመገብን ሐሳብ ፓተንት ያደረገው በ1885 ነው። መርሴዲስም ኮምፕረሰር ብሎ የሚጠራው ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸውን መኪኖች በ1921 በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየ።

● ተራራ የሚነጥቀውን ጉልበት በቁጥር ያረጋገጠው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ነው። በ1918 «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ከራስ ዳሽን ትንሽ ዝቅ ወደሚለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ላይ አወጣው። ቆላ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር እዚያ 230 ብቻ ሰጠ። ተርቦ ሲገጠምለት 356 ደረሰ። ሞተሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

● ተርቦና ሱፐርቻርጀር ደጋ ላይ እኩል አይደሉም። ስዊዛዊው አልፍሬድ ቢውኪ በ1905 ፓተንት ያወጣበት ተርቦ በጭስ ግፊት ስለሚሽከረከር፣ አየሩ ሲሳሳ ፈጥኖ በመዞር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ሱፐርቻርጀር ግን በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ነው፤ ሞተሩ በዞረ ልክ ይዞራል፣ ያገኘውን አየር በዚያው መጠን ይጨምቃል። በምትኩ እግርዎ ቤንዚን እንደነካ ይታዘዛል፤ ተርቦ እስኪነቃ የሚጠበቀው ነገር የለበትም።

● ውጭ አገር «0.5 ባር» ተብሎ የሚሸጥ ሱፐርቻርጀር አዲስ አበባ ሲደርስ 0.5 ባር አይሰጥም። የዕቃው ችሎታ አየሩን አንድ ተኩል እጥፍ መጨመቅ ነው። እዚህ ያለው 0.76 ባር አየር አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን 1.14 ባር ይሆናል። ባሕር ጠለል ላይ ያለ ተራ ሞተር ደግሞ ምንም ሳይገጠምለት 1 ባር ይስባል። ስለዚህ ከከፈሉበት ጭማሪ የሚበዛው ከፍታው የወሰደብዎት ሲመለስ ነው።

● በዚህ ስሌት የቦሌን ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ወደነበረው ጉልበት ለመመለስ የሚያስፈልገው ግፊት 0.25 ባር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሞተሩ መጀመሪያ ሲሠራ ከታሰበለት ጭነት ብዙም አይርቅም።

● ያው መኪና ቁልቁል ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዋሽ ከተማ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አዲስ አበባ ላይ 1.14 ባር ያገኝ የነበረው ሞተር እዚያ 1.35 ባር ይገባበታል። ነዳጁና እሳቱ በቦሌ አየር ብቻ የተስተካከለለት ሞተር ቆላ ላይ ያንኳኳል፤ ማንኳኳት ደግሞ ፒስተን ይበሳል። የሚያስተካክልልዎትን ባለሙያ «ድሬዳዋ ብወርድበትስ?» ብለው ይጠይቁት።

● ፋብሪካ ራሱ ሱፐርቻርጀርን በነባሩ ሞተር ላይ ዝም ብሎ አይጭንም። ቶዮታ በ1986 ኤምአር2 ላይ ሱፐርቻርጀር ሲገጥም የ1.6 ሊትሩን ሞተር የጭመቃ መጠን ከ9.4 ወደ 8 ዝቅ አድርጎታል፤ ፒስተኖቹንም ተቀጥቅጠው በተሠሩ ጠንካሮች ተክቷል። በተራ መንገድ ላይ ሱፐርቻርጀሩ ዝም ብሎ ጉልበት እንዳይበላ በኤሌክትሪክ የሚያያዝና የሚላቀቅ ፍሪሲዮን ጨምሮለታል።

● ቦሌ መንገድ ላይ ቆመው ቢያዩ ጀርባቸው ላይ «ኮምፕረሰር» የተጻፈባቸው መርሴዲሶች አያጡም። እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ ሲ 180 ኮምፕረሰር 143፣ ሲ 200 ኮምፕረሰር ደግሞ 163 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው፤ የሁለቱም ሞተር ግን ያው 1,796 ሲሲ ነው።

● የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መኪናን የሚመድበው በሲሲና በዕድሜ ነው፤ የፈረስ ጉልበት አይቆጥርም። ባረጁ መኪኖች ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ መንግሥት አስታወቀ። «ይህን ሸጬ ጉልበተኛ ቤንዚን መኪና አስመጣለሁ» የሚለው መንገድ ስለተዘጋ፣ ጥያቄው ያለውን ማጎልበት ወይም እንዳለ መንዳት ሆኗል።

● የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ስለዚህ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። 150 ኪሎዋት የሆነው ፎልክስዋገን አይዲ.4 መገናኛ መብራት ላይ 204 ፈረሱን ይዞ ይቆማል። ከጎኑ የቆመው በካታሎግ 200 ፈረስ የሆነ የድሮ ስፖርት መኪና ግን 150 ገደማ ነው ያለው። መብራቱ ሲበራ ሳይታሰብ ወደኋላ የሚቀረው ለዚህ ነው።

● አየር ሲጨመቅ ይግላል። 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር ከአሮጌ ዓይነት ሱፐርቻርጀር ውስጥ 80 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የጋለ አየር ሳስቶ ስለሚገባ ጉልበት ይቀንሳል፤ ማንኳኳትንም ይጠራል። አየሩን የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር የማይጨምር ዋጋ ግማሽ ዋጋ ነው።

● አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። የመኪናዎ ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የላላ ክዳን ያለው መኪና ከሱፐርቻርጀር በፊት አዲስ ክዳን ያስፈልገዋል።

● «ሞተሩ ያልተነካ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል በሲሊንደር ግፊት መለኪያ ይረጋገጣል። ነገር ግን ባሕር ጠለል ላይ 180 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 135 ገደማ ያሳያል፤ የውጭ መጽሐፍ ይዞ «ፋሻው አልቋል» የሚልዎትን አይቸኩሉለት። ዋናው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ቅድሚያ ለሞተሩ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ግፊት መጨመር ደግሞ ሬቲፊካ የሚገባበትን ቀን ማቅረብ ነው።

● ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ሞተር አየር አብዝቶ ይስባል፤ አቧራውንም ጨምሮ። ግንባታ በማያባራበት በሳሚት፣ በጎሮና በአያት በኩል የሚነዳ ሰው ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ማየት ይኖርበታል።

● ሁሉም ሰው በሱፐርቻርጀር አላመነም። የቤንትሌይ መሥራች ደብሊው.ኦ. ቤንትሌይ ጉልበት ከተፈለገ ሞተሩን ማተለቅ ይሻላል ባይ ነበር። እሱ ሳይወድ የተሠራው ባለሱፐርቻርጀር ቤንትሌይ ዛሬ ዝናው የናኘ ቢሆንም ለማን ላይ አንድ ጊዜም አላሸነፈም። በ1929 እና በ1930 ያሸነፈው ሱፐርቻርጀር የሌለው የ6.5 ሊትሩ ቤንትሌይ ነው።

● ክብደት መቀነስም ጉልበት መጨመር ነው። 1,000 ኪሎ ከሚመዝን መኪና 100 ኪሎ ቢያወርዱ ለማፍጠን 11 በመቶ ጉልበት የጨመሩ ያህል ነው፤ ሞተሩም አልተነካም።

● በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከፍተኛው የተፈቀደ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስተው አዳማ ሲደርሱ አየሩ ስለሚወፍር፣ ምንም ያልተገጠመለት ሞተር እንኳ ቦሌ ላይ ከነበረው 8 በመቶ ያህል ይጎለብታል። ነጻ ጭማሪ ነው።

● ፍጥነት ከ60 ወደ 85 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬን የሚያጠፋው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ለሞተሩ 40 ፈረስ ጨምሮ የድሮውን ፍሬንና ያረጀ ጎማ የተወ ሰው ግማሹን ሥራ አልሠራም።

● የኢንሹራንስ ውል አደጋን የሚያባብስ ለውጥ ሲደረግ ማሳወቅን ይጠይቃል። ሱፐርቻርጀር ገጥሞ ዝም ማለት ካሣ በሚጠየቅበት ቀን ክርክር ይወልዳል።

● ስለዚህ የገንዘቡ ተራ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሲሊንደር ልኬት፣ ከዚያ ራዲያተርና ክዳን፣ ቀጥሎ ፍሬንና ጎማ፣ በመጨረሻ ሱፐርቻርጀር። ሲሊንደሮቹ ከተቀራረቡና ግፊቱን 0.25 ባር አካባቢ ካቆሙት፣ የሚያገኙት ፋብሪካው ቃል የገባልዎትን መኪና ነው፤ ይግጠሙት። ከዚያ በላይ የሚሹ ከሆነ ግን ሂሳቡ የሱፐርቻርጀር ብቻ ሳይሆን የአዲስ ፒስተንም መሆኑን አውቀው ይግቡበት።