አንድ ድርጊት፣ ሁለት የጥፋተኝነት ውሳኔ፦ የይግባኝ ችሎት ምን ይመረምራል?

አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ከጎረቤቱ ጎተራ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጤፍ ቢሰርቅ፣ የፈጸመው ሦስት ስርቆት ነው ወይስ አንድ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ተከሳሹ በማረሚያ ቤት የሚቆይባቸውን ዓመታት ይወስናል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ለዚህ በአንቀጽ 61 መልስ ሰጥቷል። በአንድ የወንጀል ሐሳብ፣ ሕግ በሚጠብቀው በአንድ መብት ላይ የተፈጸመን ድርጊት አንድ ድንጋጌ በሙሉ የሚሸፍነው ከሆነ፣ ተመሳሳይ ድንጋጌዎችን ደራርቦ መቅጣት አይቻልም። ስለዚህ የተመላለሰው ሌባ የሚጠየቀው በአንድ ስርቆት ነው። ሐሰተኛ የመሬት ይዞታ ደብተር ያዘጋጀ ሰው ራሱ ቢገለገልበትም፣ መገልገሉ ከዋናው ወንጀል ጋር ይጠቃለላል።

ሰው ገድሎ፣ ዱካውን ለማጥፋት የሌላውን ቤት ያቃጠለ ግን በዚህ አይከለልም። ሕይወትና ንብረት የተለያዩ መብቶች በመሆናቸው ወንጀሎቹ ተደራራቢ ናቸው፤ በሁለቱም ይቀጣል።

የይግባኝ ችሎት እንዲህ ያለ መዝገብ ሲቀርብለት በክሱ ላይ የተጠቀሱትን አንቀጾች ቆጥሮ አያበቃም። ድርጊቱ ምን ነበር፣ ሐሳቡ አንድ ነበር ወይስ ብዙ፣ የተጎዳው መብትስ የትኛው ነው ብሎ ይመረምራል። ሁለተኛው ክስ በመጀመሪያው የሚጠቃለል ሆኖ ካገኘው የሁለተኛውን የጥፋተኝነት ውሳኔ ይሽራል።

ይህ ማለት ግን ተከሳሹ በነጻ ተለቀቀ ማለት አይደለም፤ ቤተሰብ በደስታ ከመቸኮሉ በፊት ልብ ሊለው ይገባል። በአንቀጽ 184 መሠረት ለተደራራቢ ወንጀሎች የተወሰኑ የእስራት ቅጣቶች ይደመራሉ፤ የጽኑ እስራት ድምርም ከ25 ዓመት አይበልጥም። ለምሳሌ ለአንዱ ወንጀል 7፣ ለሌላው 3 ዓመት ተወስኖ ከነበረ፣ ሁለተኛው ሲሻር 10 የነበረው 7 ይሆናል። ዓቃቤ ሕግ በበኩሉ «የሥር ፍርድ ቤት ሁለቱን ወንጀሎች ያለአግባብ ጠቅልሏል» ብሎ ይግባኝ ካለና ችሎቱ ከተቀበለው፣ ቅጣቱ ሊከብድ ይችላል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ባይ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን እንዲያስታውቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥም ማመልከቻውን እንዲያስገባ ያዛል። ማመልከቻው «ቅጣቱ በዝቶብኛል» በማለት ብቻ ከተወሰነ የመደራረቡ ነጥብ ሊታለፍ ይችላል። የትኛው ድርጊት ሁለት ጊዜ እንደተቆጠረ፣ በየትኞቹ ክሶች እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።