የልጅ በሽታ አዋቂ ላይ ሲወጣ

ኖዋ ሲንደርጋርድ የኒው ዮርክ ሜትስ ቤዝቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ኳሷን በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስወነጭፍ፣ ደጋፊዎቹ በጥንት ስካንዲኔቪያውያን የነጎድጓድ አምላክ ስም «ቶር» የሚሉት ጎረምሳ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ቡድኑ ከሜዳ ሲያርቀው ምክንያቱ ትከሻውም ክርኑም አልነበረም። የሕፃናት ማቆያ በር ላይ ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍለት የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ይዞት ነበር። የቡድኑ ኃላፊዎች ከልጆች የቤዝቦል ማሠልጠኛ ሳይዘው እንዳልቀረ ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ የዚያው ከተማ ተቀናቃኝ ቡድን፣ የያንኪስ ወርዋሪ ጄ. ኤ. ሃፕም በዚሁ በሽታ ከጨዋታ ውጭ ሆነ።

ሲወራ ያስቃል። መዳፉ ውሃ የቋጠረ ሰው ግን የጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቅተዋል፣ ወለሉን የሚረግጠውም በተረከዙና በጣቶቹ ጫፍ እየተለማመጠ ነው። ኳስ መወርወሩ ቀርቶ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍም ሥራ ይሆንበታል።

ይህን የሚያመጡት ኢንቴሮቫይረስ ከሚባሉት፣ አንጀት ውስጥ ከሚራቡት የቫይረስ ወገኖች የተወሰኑት ናቸው። ከእነሱ አብዛኞቹ ኮክሳኪ በሚል ስም ይጠራሉ። ኮክሳኪ ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ሃድሰን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጊልበርት ዳልዶርፍና ግሬስ ሲክልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፖሊዮ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ከተጠረጠሩ የከተማዋ ልጆች ሰገራ ወስደው መረመሩና በ1948 አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ያገኙበት ዘዴ የቫይረሱን ጠባይ ይናገራል፤ ናሙናውን የወጉት ገና የሚጠቡ የአይጥ ግልገሎችን ነበር። ግልገሎቹ ሽባ ሲሆኑ ትልልቆቹ አይጦች ምንም አይሆኑም። ቫይረሱ ከመጀመሪያውም ጨቅላ የሚመርጥ ነበር ማለት ነው።

በሽታው ራሱ በሐኪሞች የተገለጸው በ1957 ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ ከተነሣ ወረርሽኝ በኋላ ነው። የዛሬ ስሙን ያገኘው ደግሞ በ1959 በእንግሊዟ በርሚንግሃም በተከሰተ ሌላ ወረርሽኝ ምክንያት ነው። ለብዙ ዓመት ዋናው ተጠያቂ ኮክሳኪ ኤ16 ሆኖ ቆየ፤ ትኩሳት ያመጣል፣ አፍ ያቆስላል፣ ልጁን ሳምንት አስለቅሶ ይሄዳል። ኢንቴሮቫይረስ ኤ71 የሚባለው ዘመዱ ግን ከዚህ ይከፋል፤ አንዳንዴ አንጎልና ነርቭ ድረስ ይዘልቃል። በ1998 ታይዋን ውስጥ ከ100 ሺሕ በላይ ሰው አሳምሞ 78 ገድሏል፤ የሞቱት በአብዛኛው ትንንሽ ልጆች ናቸው።

አዋቂን በተመለከተ ነገሩ የተቀየረው በ2008 ነው። በዚያ ዓመት ፊንላንድ ውስጥ ኮክሳኪ ኤ6 የተባለው ወገን ወረርሽኝ አስነሣ፤ ከዚያም ወደ እስያና አሜሪካ ተዛመተ። ይህኛው ከመዳፍና ከውስጥ እግር አልፎ ክንድ፣ ጭን፣ ፊትና የአፍ ዙሪያ ላይ ይወጣል። አዋቂንም አይምርም። ከኅዳር 2011 እስከ የካቲት 2012 አሜሪካ ውስጥ በአላባማ፣ በካሊፎርኒያ፣ በኮኔቲከትና በኔቫዳ ከተመዘገቡ 63 ጠንከር ያሉ ሕመምተኞች 15ቱ አዋቂዎች ነበሩ። ወትሮ አዋቂው የሚተርፈው በልጅነቱ ሳያውቀው ይዞት ስላለፈ ነው። ሰውነታችን የሚያስታውሰው ግን ያገኘውን ወገን ብቻ ስለሆነ ኤ16ን ያሸነፈ ሰው ለኤ6 እንግዳ ነው። «አንዴ ወጥቶልኛል» ብሎ መተማመን አያዋጣም።

አዋቂ ላይ እንዴት እንደሚጀምር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። ቫይረሱ በአፍ ገብቶ ጉሮሮና አንጀት ውስጥ ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ድምፁን አጥፍቶ ይራባል። ከዚያ ብርድ ብርድ ይላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ወገብ ይቆረጥማል። እስከዚህ ድረስ ጉንፋን ነው ቢባል ማንም አይከራከርም። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ላንቃ፣ ምላስና ድድ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይወጣና ፈንድቶ ይቆስላል። እኛ ዘንድ የጎረቤት ምርመራ የሚጀምረው ይኼኔ ነው፤ «ምች ነው የመታሽ፣ ዳማከሴ ጨምቀሽ በቡና ጠጪበት» ትላለች አንዷ። ምች የምንለው ግን ብዙውን ጊዜ ከንፈር ጠርዝ ላይ ተሰብስቦ የሚወጣ ነው። ይኼኛው የአፍን ውስጥ ይዞ በአንድ ሁለት ቀን ወደ መዳፍና ወደ ውስጥ እግር ይወርዳል። መዳፍ ላይ የሚታየው ሽፍታ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው፤ ግራጫ ሆኖ ዙሪያው ቀይ፣ ብዙ ጊዜም ቁመቱን የቆዳውን መስመር ተከትሎ የተጋደመ። የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ ወፍራም ስለሆነ የቋጠረው ውሃ እንደ ሌላው ቦታ ቶሎ አይፈነዳም፤ ሥር ሆኖ ይወጥራል። ሕመሙም የሚብሰው ከዚህ የተነሣ ነው። አንዳንዱን ደግሞ ሌሊት ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሣዋል።

ሌላው የሚያደናግረው ከብት ነው። ከብት አርቢ ቤት ያደገ ሰው «የአፍና የእግር» ሲባል አፍተግር ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። የከብቱ ቫይረስ የዚህኛው የሩቅ ዘመድ ቢሆንም ሌላ በሽታ ነው። የሰዉ ወደ ከብት አይሄድም፤ ልጅ ታሞብናል ብሎ ላሟን ማግለልም ሆነ ወተቷን መጠራጠር አያስፈልግም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሐኪም ቤቱ ግርታ ነው። አዋቂ ሰው መዳፉ ላይ ሽፍታ ይዞ ሲመጣ ሐኪሙ ሊያስባቸው የሚገቡ ከባድ ነገሮች አሉ። ቂጥኝ በሁለተኛ ደረጃው መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ይወጣል፤ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ አለማመሙና ውሃ አለመቋጠሩ ነው፣ በደም ምርመራም ይለያል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በግንቦት 2025 ሞያሌ ላይ ኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) መገኘቱን ካሳወቀ ወዲህ ደግሞ እጁ ላይ ውሃ የቋጠረ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። የኤምፖክሱ ጠንከር ያለ፣ መሐሉ ሰርጎድ የሚል ቁስል ነው፤ የአንገት ወይም የብሽሽት ንፍፊትም ያብጣል። በዓይን ብቻ የማይለይበት ጊዜ ስላለ በናሙና መመርመሩ ነውር የለውም። «እቤት ውስጥ የታመመ ልጅ አለ ወይ?» የምትለዋ ጥያቄ ግን ከብዙ ምርመራ ትቀድማለች። የሚገርመው አዋቂው ራሱ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ የልጁን ሽፍታ ከራሱ ጋር አያገናኘውም።

መድኃኒት የለውም። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካምና ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ትኩሳቱንና ሕመሙን ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ያስታግሳል፤ እርጉዝ ሴት ግን አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም አትውሰድ። ትልቁ ጉዳይ መጠጣት ነው። አፍ ሲቆስል ሰው ውሃም ይጠላል፤ ሽንት ከቀነሰና ከጠቆረ ሰውነት እየደረቀ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ሎሚና ብርቱካን ለጊዜው ይቅሩ። ቀዝቃዛ እርጎ፣ ቀጠን ተደርጎ የተበጠበጠ በሶ፣ ለዘብ ያለ አልጫ ይወርዳል። ውሃ የቋጠረውን በመርፌ ማፍረጥ ሌላ ተዋሲያን መጋበዝ ነው። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ አንገት ከገተረ፣ ራስ ምታቱ ከጠና ወይም እጅና እግር ከዛለ ቤት መቀመጥ አይገባም። የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ ሴት ይዟት ከሆነ ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር፤ ብዙ ጊዜ ቀላል ሆኖ ቢያልፍም ለአዲስ የተወለደ ሕፃን አንዳንዴ ይከብዳል።

በሽታው ሳምንት አሥር ቀን ነው። ቫይረሱ ግን ባለቤቱ ከዳነ በኋላም በሰገራ ለሳምንታት ይወጣል። በዚያ ላይ ብዙ አዋቂ ምንም ሳያመው ተሸክሞ ያስተላልፋል። ስለዚህ የታመመውን ነጥሎ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ነገር ዳይፐር የቀየረ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው። ቫይረሱ የስብ ልባስ ስለሌለው በኮቪድ ጊዜ የለመድነው የአልኮል ማጽጃ እምብዛም አይበግረውም። ውሃና ሳሙና፣ ጣት በጣት እየታሸ፣ ከጥፍር ሥር ጭምር ያስፈልገዋል። አሻንጉሊትና የበር እጀታ በበረኪና ይጠረግ። በገበታ አንድ ላይ የምንቆርስ፣ ጉርሻ የምንሰጣጣ ሰዎች ነንና ቤት ውስጥ በሽተኛ እያለ ጉርሻው ሁለት ሳምንት ቢታገስ ማንም አይቀየምም፤ አያት ትቀየም ይሆናል፣ ይነገራት። በዋሺንግተን አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር የከፈቱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የአንድ ልጅ አፍ የገባ መጫወቻ እስከ ማታ ስንቱ አፍ ውስጥ እንደሚዞር ሲያዩ ይውላሉና።

ወደ ሥራ መመለስን በተመለከተ፣ ትኩሳቱ ከለቀቀና ውሃ የቋጠረው ከደረቀ አብዛኛው ሰው ይችላል። ምግብ የሚያበስል ወይም ሕፃን የሚጠብቅ ግን ከአሠሪው ጋር ቢመክር ይሻላል። ክትባት አለ፤ ቻይና ከ2015 መጨረሻ ጀምራ የፈቀደችው ሲሆን የሚሰጠው ለሕፃናት፣ የሚከላከለውም ኤ71ን ብቻ ነው። አዋቂውን የሚያስቸግረው ኤ6 አይመለከተውም።

ኤ6 ደግሞ አንድ የሚያስደነግጥ ዕዳ ትቶ ይሄዳል። ሽፍታው በጠፋ በሳምንት በሁለት ሳምንት መዳፍና ውስጥ እግር ይላጣሉ። ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ከረሳው በኋላ፣ ከወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ፣ ጥፍሩ ከሥሩ መነቀል ይጀምራል፤ አንዳንዴ የአንድ ጣት፣ አንዳንዴ የብዙ። ምክንያቱ በሕመሙ ሰሞን ጥፍር የሚያበቅለው ሥር ለጊዜው ሥራ ማቆሙ ነው። አዲሱ ሲበቅል አሮጌውን እየገፋ ያስወጣዋል። ብዙ ጊዜ አያምም፣ የፈንገስ መድኃኒትም አይፈልግም። የተነሣው ጫፍ ልብስ እንዳይዝ አሳጥሮ መቁረጥ ይበቃል። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ሙሉው ለመተካት ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ የእግሩ ከዚያም ይዘገያል።