የጋራ የምርምር ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ የት ይቀመጥ?

በመርካቶ ሸማ ፈላጊ ወደ ሸማ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ ፈላጊ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ተመሳሳይ ሱቆች በአንድ ተራ መሰባሰባቸው ገዢና ሻጭን በቀላሉ ያገናኛል። አደጋ ሲደርስ ግን ጉዳቱም አብሮ ይደርሳል፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሳው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት በአንድ ሌሊት አውድሟል። ተመራማሪዎች በጋራ የሚጽፉትን ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ የት እንደሚያኖሩ ሲወስኑም ይኸው ጥያቄ ይነሳል፤ ኮድ በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ ሁሉ ኮድ ለዘለቄታው የሚጠበቅበት ቦታ አይደለም።

ተባባሪ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ጊትሃብ ቀዳሚው ገበያ ነው። ማይክል ጋሰር ያዘጋጁት፣ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ምዕላዶቻቸው የሚተነትነው ሆርንሞርፎ ቀደም ሲል ከኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ገጽ ይሰራጭ ነበር፤ ዛሬ የሚገኘው በጊትሃብ ነው።

ይሁን እንጂ ገበያው ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ጉግል ኮድ በ2016 ተዘግቷል። ማይክሮሶፍት በ2018 የገዛው ጊትሃብም በ2019 በአሜሪካ የማዕቀብ ሕግ ምክንያት በኢራን፣ በሶርያና በክራይሚያ ባሉ ተጠቃሚዎች ላይ ገደብ ጥሎ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ የራሱ ሰርቨር ከዚህ ጥገኝነት ነጻ ያወጣል፤ በአንጻሩ ቋሚ ባለሙያና የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይሻል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 መጨረሻ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ እንደታየው፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ በአገር ውስጥ ያለው ተመራማሪ የውጭውን ማከማቻ፣ በውጭ ያለው ተባባሪ ደግሞ የአገር ውስጡን ሰርቨር ማግኘት አይችልም።

መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሳይሆን ተግባራትን መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈጠረው ጊት የተሠራው እያንዳንዱ ሙሉ ቅጂ የኮዱን ታሪክ በሙሉ እንዲይዝ ሆኖ ነው። ስለዚህ ዕለታዊው ሥራ በጊትሃብ ቢካሄድም፣ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር በየጊዜው የሚታደስ ሙሉ ቅጂ ማኖር አዳጋች አይደለም። ሆኖም የስሕተት ሪፖርቶችና በኮዱ ላይ የተደረጉ ውይይቶች ከቅጂው ጋር አይሄዱም፤ ለብቻቸው ካልተቀመጡ አንድ ስሌት ለምን እንደተለወጠ የሚያስረዳው ማስረጃ ይጠፋል።

ለጥቅስ ደግሞ ሌላ ቦታ ያስፈልጋል። ሰርን የሚያስተዳድረው ዜኖዶ ለእያንዳንዱ የሶፍትዌር እትም ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንሳዩ ኢንሪያ የተመሠረተው ሶፍትዌር ሄሪቴጅም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ምንጭ ኮድን ሰብስቦ ያቆያል። በመመረቂያ ጽሑፍ መጠቀስ ያለበት ይህ ቋሚ መለያ እንጂ ነገ ሊለወጥ የሚችል የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም ማከማቻው በአንድ ተማሪ ስም ሳይሆን በምርምር ቡድኑ ስም መከፈት፣ ከአንድ በላይ ኃላፊም ሊኖረው ይገባል። ያለበለዚያ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ የኮዱ ቁልፍ አብሮት ይሄዳል፤ ተከታዩም የቀዳሚውን ውጤት ደግሞ ማረጋገጥ ይሳነዋል።