የዴንቨር ጸደይና የእናቴ በሶብላ



እኔ የምኖርበት ሰፈር፣ ሴንትራል ፓርክ፣ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የድሮው መቆጣጠሪያ ማማ ዛሬም ቆሟል። አብዛኛው ሰፈር በዴንቨር፣ የምሥራቁ ጫፍ ደግሞ በኦሮራ ነው። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋስ የሚመልስ ነገር የለውም። እዚህ ጓሮ ይዞ ጎመንና በሶብላ አለማለሁ የሚል ሐበሻ ጸደይ ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ፤ እኔ ከስሬ ነው የተማርኩት።

በአገራችን አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። እዚህም በዚያው ሰሞን ይገባል፤ ችግሩ ገብቶ አለመቀመጡ ነው። ጠዋት ማሞቂያ ከፍታችሁ ከሰዓት በኋላ ማቀዝቀዣ የምትከፍቱበት ቀን ብዙ ነው። የእንጀራው ሊጥ እንኳ ግራ ይጋባል፤ አንዱን ሳምንት በሁለት ቀን ይኮመጥጣል፣ ሌላውን ሳምንት አራተኛው ቀን ላይም ዝም ብሎ ተኝቶ ይገኛል።

ነገሩ ከተራራው ጋር የተያያዘ ነው። ነፋስ ከምዕራብ ሲመጣ አየሩ ከሮኪ ተራሮች ወደ እኛ ይወርዳል። ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅም ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ እንደሚግለው ማለት ነው። ደረቅ አየር በወረደ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ቺኑክ የሚሉት ይህንን ነፋስ ነው፤ በክረምት መካከል ሳይቀር ሰውን በሸሚዝ ያስወጣል። ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የመጣው እርጥበት ተራራውን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ከሰሜን የወረደ ብርድ ካገኘውም በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ዴንቨር ላይ በአማካይ ብዙ በረዶ የሚጥለው በታኅሣሥ ሳይሆን በማርች የሆነው ለዚህ ነው። እኔ ስልኬን ከማየቴ በፊት የትምህርት ቤቱን ባንዲራ አያለሁ፤ ወደ ተራሮቹ ከተውለበለበ አንሶላዎቹን አዘጋጃለሁ።

የአገሬው ሰው ከእናቶች ቀን፣ ማለትም ከሜይ ሁለተኛው እሑድ፣ በፊት ቲማቲም አትትከል ይላል። በ2022 ይህንን አክብሬ ጠበቅሁ። ከዚያ እናቴ ከደብረ ብርሃን በሰው እጅ የላከችልኝን የበሶብላ ዘር፣ ቤት ውስጥ በመስኮት ሥር አብቅዬ ያሳደግሁትን፣ ሁሉንም አውጥቼ ተከልሁ። ሁሉንም! ሜይ 19 ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ፋራናይት አለፈ፤ ወደ 30 ሴንቲግሬድ ነው። በማግስቱ አርብ ማታ በረዶ ጣለ። ቅጠል ያወጡ ዛፎች ክብደቱን አልቻሉትም፤ ብዙ ቅርንጫፍ ተሰበረ፣ በብዙ ቤትም መብራት ጠፋ።

እኔ ግን በሶብላውን በአንሶላ ሸፍኜው ነበርና ተረፈልኝ። ቅዳሜ በረዶው ሲያቆምና ፀሐይ ብልጭ ሲል ደስ ብሎኝ ልብሱን አንስቼ አጣጠፍኩ። እሑድ ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ ሁሉ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት፣ «ልጄ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ኮከቡ ሁሉ ይታይ ነበር።»

«ታዲያ ምን ብለህ ገለጥከው? ውርጭ በደመና መቼ መጥቶ ያውቃል!»

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ውርጭ ባቄላውን ያጠፋዋል። እኔ የጨረራ ሙቀት ስሌት በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተፈትኜ አልፌበታለሁ። መሬት ሌሊቱን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ደመና ካለ አብዛኛውን ይመልስለታል፣ ሰማዩ ከጠራና አየሩ ከደረቀ ግን የሚመለስለት ያንሳል። ይህንን አውቅ ነበር፤ ጓሮዬ ውስጥ ይሠራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬያለሁ። ከበረዶ ማግስት ያለውን ጥርት ያለ ሌሊት ከበረዶው ይበልጥ እፈራለሁ። አስቀድሜ ቀን ላይ መሬቱን አጠጣለሁ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛልና። ልብሱ እስከ መሬት ወርዶ ዙሪያውን በድንጋይ መያዝ አለበት፤ የምንፈልገው ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት ማቆየት ነው። እንደ ሻሽ ጫፉ ላይ ብቻ ጣል ማድረግ አይረባም። ፕላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ ከሥሩ እንጨት አቁሙለት፤ የነካውን ቅጠል ውርጭ ያገኘዋል። ጠዋት ሙቀቱ ከ32 ፋራናይት በላይ ሲወጣ ይነሣል። ጎመን ቀላል ውርጭ ይችላል፤ በሶብላ፣ ቃሪያና ቲማቲም ግን አይችሉም። ስፕሪንክለር ያላችሁ ደግሞ ከመሬት በላይ የቆመውን ቧንቧ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ሲፈነዳ የሚያስወጣው ገንዘብ ከጎመኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

እናቴ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ዘር ላከችልኝ፤ እሷ ራሷ ለመምጣት ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። አሁን ግማሹን ብቻ ነው የምዘራው። የተቀረው በቡና ጣሳ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ፣ እስከ ጁን ድረስ ይቀመጣል።